እማዬ ያላስነካችው የወፍ ቆሎ

ይድረስ ለእናታችን የዓይን ብሌን፣ ለእኔ ደግሞ ለታናሽ ወንድሜ።

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሳ ቀጨም አደረገኝ ያልክ ዕለት እማዬ እህል አልቀምስ ብላ አስቸግራን ነበር። ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጅህስ ጥርስ አበቀለ ወይስ አሁንም በድዱ ነው የሚነክሳችሁ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ነው፣ ልጄም ደህና ናት። እናትህም ደህና ናት፤ ያንተ ስም ሲነሳላት ደግሞ ከደህናም በላይ ትሆናለች። ነገ ወደናንተ የሚመጣ መንገደኛ አግኝቼ በጥድፊያ ነው የምጽፍልህ፤ እሑድ ከመደወልህ በፊት ይድረስህ ብዬ። በስልክ እንዳልነግርህ እናትህ ድምፁን ከፍ አድርጊልኝና እኔም ልስማ ትላለች።

ነገሩ ስለዚያ ስለ ወፍ ቆሎ ቁጥቋጦህ ነው። ልትሄድ ሰሞን ከመንገድ ዳር አንድ ዘንግ ቆርጠህ እማዬ መስኮት ስር ስትተክል፣ እስክመለስ እሱን እያየሽ አስቢኝ ያልካት ትዝ ይልሃል? አንተ ለጨዋታ ነው ያልከው፤ እሷ ግን አደራ ብላ ነው የተቀበለችው። መጀመሪያ አበባው ቢጫና ቀይ ሆኖ ሲፈካ እኔም ወድጄው ነበር። ኋላ ወፎቹ ፍሬውን እየለቀሙ በየጥጉ ዘሩት። ሳናውቀው ከመስኮቱ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ቧንቧው፣ ከዚያም ወደ ጎረቤታችን ወደ ልብስ ሰፊዋ ግቢ ተሻገረ። የተከልኩት ጎመን ጥላው ስር ቀጭጮ ቀረ። የልብስ ማስጫው ገመድ እንኳ እሾክ መሃል ገብቷል፤ ባለቤቴ ሸሚዙ በተቀደደ ቁጥር ወንድምሽ ሰላም ብሎኛል ይላል።

እንቁረጠው ስላት ሞቼ እገኛለሁ አለች። መድኃኒቷን ስሰጣት ይመራል፣ ቀሚሷን ሳጥብላት አልጠራም ትለኛለች፤ ለወፍ ቆሎው ግን ገና ከአልጋዋ ስትወርድ መስኮቱን ከፍታ እንደምን አደርክ ትለዋለች። የእኔ ተራ የሚደርሰው ከእሱ ቀጥሎ ነው። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ያለው ሰው እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም መሰለኝ።

ቅናት ነው ልትለኝ ነው አይደል? አዎ፣ ቅናት ነው። በሳምንት አንዴ ደውለህ የምታወራት አንተ በእሷ አፍ ልጄ ነህ፤ ቀን ከሌት ስሯ የምውለው እኔ ይቺ ነኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ አንዳንዴ ግን አንጀቴ እርር ይላል። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ትል ይሆናል። ከገዛ እናቴ ፈቃድ ለማግኘት አንተን አማላጅ ከምልክ እሾኩ ይብላኝ ብዬ ነው።

ባለፈው ሰኞ ግን ነገሩ ከጨዋታ አለፈ። ወደ ቧንቧው ስትሄድ ቅርንጫፉ ቀሚሷን ይዞ ጣላት። የግራ እጇ አንጓ አብጦ፣ ጉንጯ ተጫጭሮ አገኘኋት። ሐኪሙ ስብራት የለውም አለን፤ በሚቀጥለው ግን ዳሌዋ ከሆነ መነሳትም የለም ብሎ አስጠነቀቀኝ። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቀስ ብዬ መሄድ ነበረብኝ አለች። ለቁጥቋጦ ጠበቃ ቆመችለት! ያኔ ደሜ ፈላ። ብደውልልህ ሥራ ላይ ነህ፣ አታነሳም። ገባሁና ልጅሽ ደውሎ ነበር፣ ከነሥሩ ንቀሉት ብሏል አልኳት።

ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ታዲያ ምን ትጎለቺያለሽ፣ ገጀራው የት አለ ብላኝ ቁጭ አለች። ስንት ዓመት የለመንኳት ነገር በአንድ ቃልህ አለቀ፤ ያውም ባላልከው ቃል።

ሰፈሩ በጉልበቱ ዲጂኖ የሚለውን የቀን ሠራተኛ ጠርቼ አብረን ገባንበት። ቅርንጫፉን በገጀራ እየቆረጥን ለማድረቅ ወደ አንድ ጥግ ጎተትን፤ ከዚያ የየጉቶውን ዙሪያ በዶማ እየቆፈርን ሥሩን መዘዝን። ዲጂኖ እንደሚለው ይሄ ተክል ሲቆርጡት የመረቁት ይመስለዋል፤ ሥሩ ከቀረ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። ጓንቴ በመጀመሪያው ቀን ተበጣጠሰ። እሾኩ መዳፌ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ፤ ሽታው በሳሙናም አልለቅ ብሎ ምግቡ ሁሉ እሱን እሱን ይለኛል።

እማዬ ወንበር አስወጥታ፣ እጇን በሻሽ አንጠልጥላ አለቃ ሆነች። ችግኞቹንስ ንቀሉ ብሏል? ብሏል። ጎረቤት የገባውንስ? እሱንም ብሏል። ለመታሰቢያ አንድ ዘንግ ተዉላት አላለም? አላለም፣ አንድም እንዳይቀር ነው ያለው አልኳት፤ ይቺን ስናገር ደስ እንዳለኝ አልደብቅህም። በዚያው መድኃኒቷንም ሳትነጫነጭ ትዋጥ ብሏል አልኳት። ዋጠች! ሰሞኑን እንዲህ አንተን ሆኜ ሰነበትኩ። ባንተ አፍ ሲናገሩ ነገር ሁሉ እንዴት ይቀላል፣ ወንድሜ! ግን እሺ ባለችኝ ቁጥር የባሰ ከፋኝ፤ እሺ የተባልኩት እኔ አይደለሁማ።

ትናንት የመጨረሻውን ጉቶ አወጣን። የእማዬ መኝታ ቤት በብርሃን ተሞላ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ግድግዳው ላይ ያረፈውን ብርሃን በደህና እጇ ስትዳስሰው አይቼ እንባዬ መጣ። ወዲያው ልብስ ሰፊዋ ግቢውን ልታይ ገባች። እማዬ ምን አለቻት መሰለህ? ልጄ ማዶ ሆኖ ግቢዬን አጸዳልኝ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ለሁሉም ይስጥ አለቻት። ልብስ ሰፊዋ እኔን አየችኝና አቀርቅራ ወጣች። እኔም ቅጠሌን መጥረግ ቀጠልኩ።

እሑድ ስትደውል ትመርቅሃለች። እኔ እንዲህ አላልኩም ብለህ እንዳታሳጣኝ፤ ያንተ ቃል ካልሆነ ነገውኑ ሌላ ዘንግ ታስተክላለች። ልብህ ራርቶም እህቴ ናት የለፋችው፣ እሷን መርቂያት እንዳትላት። መስማቱን ትሰማሃለች፤ ግን ልጄ እንዴት ለእህቱ ያስባል ብላ መልሳ የምትመርቀው አንተኑ ነው። እኔ አውቃታለሁ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ወገብህን በደንብ ትሽልህ። ያንን ድዳም ልጅህን በሁለቱም ጉንጩ ሳምልኝ። ባለቤቴ ሸሚዜ አሁን ደህና ነው በይልኝ ብሏል፤ ልጄም አጎቴ ናፍቆኛል ትላለች። የእማዬን ምርቃት ደግሞ ከነአሜኑ ተቀበላት፣ አልከለክልህም። ስትጨርስ ግን ስልኩን ለእህቴ ስጫት በላት። ሌላ ምንም አትበለኝ። እጅሽ እንዴት ነው በለኝ፤ እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።

ታላቅ እህትህ
ከእናታችን ግቢ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ