ሰው ያለበት ወንበር

ለተከበሩ አቶ ፍሬ ስብሐት ግሩም
የሐይቅ ዳር ባህላዊ ዝግጅቶች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጉሮሮዎ እንደምን አለ? ባለፈው ታኅሣሥ በአዳራሹ ያን ያህል ከተናገሩ ወዲህ ስለ ጉሮሮዎ የማይጨነቅ ሰው በሰፈራችን የለም። ቤተሰብዎ፣ መኪናዎና ፎቶ አንሺዎም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደኅና ነን። ደኅና ነን ማለት ለምደናል።

ሸሪፋ ሙሔ እባላለሁ፤ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። በዚያ ምሽት ከመድረኩ ጥግ ቁሜ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ የነበርሁት እኔ ነኝ። ጀርባዎን ሰጥተውኝ ስለነበር መልኬን ላያስታውሱት ይችላሉ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ አዝማሪ መልካሙ በሐይቁ ዳር ባሉ አዳራሾችና ሆቴሎች ሁሉ መሰንቆ እንዳይመታ ስላገዱት ነው። እገዳው የሚነሣው በሕዝብ ፊት ቁሞ «ወንበሩ ባዶ ነበር» ብሎ በዜማ ይቅርታ ሲጠይቅ ብቻ እንደሆነ ገልጸዋል። ስለ ቸርነትዎ እናመሰግናለን። ሌላ ኃላፊ ቢሆን መሰንቆውንም ይወስድበት ነበር።

ነገሩን በአዳራሹ ላልነበረ አንባቢ ላስረዳ። እርስዎም በአብዛኛው ክፍል ስላልነበሩ ሳይጠቅምዎ አይቀርም።

እትዬ ዴሎሪስ በዘንዘልማ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የሕዝባቸው በዓል ኳንዛ ይባላል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይገባል፤ ሻማ ይበራል፣ ከበሮ ይመታል፣ አብሮ ይበላል። ከሁሉ በላይ ግን በዕድሜ የገፋው ሰው ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሰ የቀደሙትን ሰዎች በስማቸው ይጣራል። አያቶቻቸው በባርነት ተሸጠው ስማቸው ስለተለወጠ፣ ስም መጥራት ለእነርሱ ቀላል ነገር አይደለም። እትዬ ዴሎሪስ ይህን በዓል ዓመት ዓመት ብቻቸውን፣ በተከራዩት ክፍል ውስጥ፣ ሲያከብሩት ኖረው ዘንድሮ ከሰው ጋር ላክብረው አሉ። እርስዎም ፈቀዱ። ፈቃድዎን አንረሳውም። ቅሬታዎቻችን የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ፣ ስለ ሰዓቱ። እርስዎ ሳይመጡ እንዳይጀመር አዝዘው ነበር። የፔዳ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከበሯቸውን ታቅፈው፣ መንዙማ ሊሉ ከወረታ የመጡት አክስቶቼ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የዘንዘልማ ልጆች ለጭፈራ ተሰልፈው ጠበቁዎት። ልጆቹ በሰልፋቸው እንዳሉ ተቀመጡ፤ ከዚያም እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው አንቀላፉ። በመጨረሻ እትዬ ዴሎሪስ «ሻማው እየቀለጠ ነው» አሉና ማንንም ሳይጠይቁ ተነሡ። ትዕግሥት ስላስተማሩን እናመሰግናለን፤ ትምህርቱን ሳንጨርስ በመጀመራችን ግን ይቅርታ።

፪ኛ፣ ስለ ወንበሩ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በየግድግዳው ቁሞ ነበር። ጉልበታቸው የሚያማቸው ጎረቤታችን ወይዘሮ ወለላም ቆሙ። ከፊት ግን ቀይ ከፋይ የለበሰ፣ ሪባን የታሰረበት ወንበር ነበር። የእርስዎ። ማንም አልነካውም። እንዲህ የምንፈራው ነገር በቤታችን የለም።

፫ኛ፣ ስለ ጥፋቱ። አዝማሪ መልካሙ ያጠፋው ይህን ነው። በጽሕፈት ቤትዎ ዝግጅቶች ሁሉ መድረክ መሪው የክቡራን እንግዶችን ስም ያነብባል፤ አዝማሪው ይቀበላል፣ ያሞግሳል፤ እንግዳውም ተነሥቶ ይታያል። መልካሙ በዚህ ሥራ ሸብቷል። ስለዚህ እትዬ ዴሎሪስ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው «ፊቢ!» ብለው ሲጣሩ ፊቢ የምትባል እንግዳ የመጣች መሰለው። ተቀበለ። አካሄዷን፣ አንገቷን፣ ቤት አያያዟን አሞገሰ። ሕዝቡም ዘወር ዘወር እያለ ፈለጋት።

«የታለች?»

«ከኋላ ትሆናለች፣ አሳልፏት እንጂ!»

እትዬ ዴሎሪስ ምን እያለ እንደሆነ በዓይናቸው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ውኃውን ማፍሰስ አቆሙ። የተቆጡ መስሎኝ ደነገጥሁ። ከዚያ «ኢሳያስ!» አሉ፣ ከፊተኛው ከፍ አድርገው። ለኢሳያስም በዜማ ፈረስ ተሰጠው፤ ከነጣይ ጥላው። ሦስተኛዋን፣ ሃናን፣ እያለቀሱ ጠሯት። ያን ጊዜ መልካሙ የሚያሞግሳቸው ሰዎች ሙታን እንደሆኑ ገባው። አየሁት። ጣቱ ከክሩ ላይ ቀረ። የሚያቆም መሰለኝ። አላቆመም፤ ሃናን ከሁሉም አስበልጦ አሞገሳት።

በመጨረሻ ከሁሉ የራቀችው ቅድመ አያታቸው ቀረች። የእርሷ ስም የለም፤ ማንም አያውቀውም። እትዬ ዴሎሪስ ለብዙ ቀን በተለማመዱት አማርኛ «ስሟን ያልጻፉላት ልጅ» ብለው ጠሯት። መልካሙ መሰንቆውን አንድ ጊዜ ሳበና እንዲህ አለ፦

ስምሽን የሚጽፍልሽ አጥተሽ በሰው አገር፣
ነይ ተቀመጪልን ከፊተኛው ወንበር።

እልልታው ሳያልቅ እርስዎ ገቡ። ፎቶ አንሺዎ ከፊት፣ እርስዎ ከኋላ። ሊቀመጡ ሲሉ ወይዘሮ ወለላ የወንበሩን መደገፊያ ያዙና፣ በሚኒባስ ውስጥ እንደምንባባለው፣ በትሕትና «ጌታዬ ይቅርታ፣ ሰው አለበት» አሉዎ። ማንም አልሳቀም። ያስቆጣዎ ይህ ይመስለኛል። ሰው ስቆ ቢሆን ኖሮ እርስዎም ስቀው ያልፉት ነበር።

እርስዎ ግን ተቀመጡበት።

እትዬ ዴሎሪስ ማንቆርቆሪያቸውን እንደያዙ ነበሩ። ውኃው አላለቀም ነበር።

፬ኛ፣ ስለ ንግግርዎ። ዘንዘልማ ቤት ይዘው፣ በዘንዘልማ ለቅሶ እየደረሱ፣ በዘንዘልማ ምጥ የያዛትን ሁሉ እየጠየቁ የሚኖሩትን ሴት «ለጥቂት ቀናት የጎበኙን እንግዳ» አሏቸው። ይህን አልተረጎምሁላቸውም። የበዓሉንም ስም ለማለት ሞክረው ስላቃተዎ «ይህ በዓል» እያሉ ስለ ሆቴሎች አልጋ ብዛት ተናገሩ፤ ጥበቃው አዳራሹን ሊዘጋ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ እስኪመጣ ድረስ። አክስቶቼ ያልተመታ ከበሮ ተሸክመው ወደ ወረታ ተመለሱ። ትልቋ አክስቴ በመንገድ ላይ «የመጣነው ልንል ነው ወይስ ልንባል?» አለችኝ።

፭ኛ፣ አምስተኛ ቅሬታ ነበረኝ። ተውሁት። ሱቄ ከጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት ነው፤ ከመስኮትዎ ሆነው ጨርቅ ስለካ ያዩኛል። አንዳንድ ጊዜ ቀና ስል መጋረጃው ይንቀሳቀሳል። ነፋስ ሊሆን ይችላል። ነፋስ ነው እላለሁ።

አሁን መልካሙ ከቆጋ የሚመጣ ድንች ከመኪና ያወርዳል። ስለ ጣቶቹ ልንገርዎ ብዬ ነበር፤ ግን የእርስዎ ሥራ ባህል እንጂ ጣት አይደለም። እትዬ ዴሎሪስ ድንች ወደሚያወርድበት ድረስ ሄደው ለመኑት፤ እኔ በመካከላቸው ቁሜ አስተረጎምሁ። «ዝፈንላቸውና ልጆችህን አብላ። ያቺ ልጅ እንደሆነ አልነበርሽም መባል ለምዳዋለች» አሉት። መልካሙ ጆንያውን ሳያወርድ ሰማቸው። «እትዬ፣ እኔ ያስቀመጥሁትን እንግዳ እኔ አላስነሳም። ይህን ካደረግሁ ማን ሠርጉ ላይ ይጠራኛል?» አለና ሳቀ። ሳቁን አልተረጎምሁላቸውም። ያለ እኔም ገብቷቸዋል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እገዳውን ያነሡ ዘንድ አልጠይቅዎም። ጠይቀን ነበር፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለናል። የምጠይቅዎ ይቅርታውን መጠበቅዎን እንዲተዉ ብቻ ነው። አይመጣም። እርስዎም እንደ እኛ ደጅ ላይ ቁመው እንዳይቀሩ አስቤልዎ ነው።

ጉሮሮዎን ያሽርልዎ፤ ስብሰባዎንም ያሳጥርልዎ። ከማዶ ሆኜ፣ ሜትሬን በእጄ እንደያዝሁ፣ በሚገባዎ አክብሮት ልክ እጅ እነሣለሁ።

ሸሪፋ ሙሔ

ማስታወሻ፦ የእገዳ ደብዳቤዎን ለእትዬ ዴሎሪስ ቃል በቃል ተርጉሜ አነበብሁላቸው። የመልካሙ ጥፋት በተገለጸበት ስፍራ «ለክቡር ኃላፊ የተዘጋጀውን ወንበር ስሟ ላልታወቀ ግለሰብ አሳልፎ በመስጠት» ይላል። ይህችን መሥመር ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ልጅቱ የተሸጠችበት ወረቀት ቅጂ ከእሳቸው ዘንድ አለ፤ የተጻፈችው ከአንዲት በቅሎ በታች፣ ከአንድ የብረት ድስት በላይ ነው። ሰው ብሎ የጻፋት የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት የእርስዎ ነው። ስለዚህ ማኅተሙ ደመቅ ብሎ የሚታይበት አንድ ቅጂ እንዲሰጧቸው በትሕትና ይለምናሉ። ወንበሩ ባዶ ነበር የሚለውን ዜማ ግን፣ በደብዳቤው ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ስለሆነ፣ እርስዎ ራስዎ ቢያዜሙት ይሻላል።