ተጣብቆ የቀረው የሙቀት መለኪያ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ እንደሚጀመር የማታው መምህራችን አስተምሮናል፤ ስለዚህ ጤናሽ እንዴት ነው? የልብስ ፋብሪካው ብናኝ ሳል አላመጣብሽም? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጥርሷን ተነቅላ ሦስት ቀን ዝም ብላ ነበር፤ በአራተኛው ቀን የሦስቱንም አካካሰችው።

ይኼን የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። አትደንግጪ፣ እጄን የያዘኝ ሰው የለም። የማታ ትምህርቱን አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። እናትሽ «ከስድስት ሰው አንደኛ፣ ያውም ሁለቱ እንቅልፋሞች» ትላለች። ይሁና፤ አንደኛ አንደኛ ነው። እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ ባለሱቁ ጎረቤታችን ነበር፤ ይኼኛውን ግን በእሱ እጅ ማስጻፍ አልፈለግሁም።

ነገሩ ስለ ገበሬ ማኅበራችን አሮጌ ትራክተር ነው። ሞተሩ ፈልቶ ከተቃጠለ፣ አንቺም ከሄድሽ ወዲህ፣ ስምንት ወር ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ዶሮ ሲያሰፍር ከረመ። ባለፈው ሳምንት ሞተሩ ተጠግኖ አለቀ። የቀረው የውሃውን ሙቀት የሚያሳየው መለኪያ ነበር። ጠቋሚዋ መሀል ላይ ደርቃ ቀርታለች፤ ሞተሩ ቢነሳ ባይነሳ ንቅንቅ የለም። አዲስ ለመግጠም አሮጌውን ማውጣት ግድ ሆነ።

መካኒኩን አስጠራሁት፤ ያንን «ቀስ በቀስ» የምንለውን። እኔ ደግሞ እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። መለኪያውን እንደ ጠርሙስ ክዳን ላዞረው ታገልኩ። ዝገቱና እኔ የደረብኩበት ቀለም አንድ ላይ ይዘውታል። በካቻቢቴ ልፈነቅለው ስል መካኒኩ ከተፍ አለ።

«ኧረ ጋሼ፣ ቀስ! ቱቦው ይበጠሳል!»

«የምን ቱቦ?»

«ከጀርባው ተነስቶ ሞተሩ ውስጥ የሚገባ ቀጭን የመዳብ ቱቦ አለ። የሞተሩን ሙቀት ለጠቋሚዋ የሚያደርሰው እሱ ነው። መፈታት ያለበት መጀመሪያ ከሞተሩ በኩል ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ አንተን ልፈትንህ ብዬ ነው።»

«ታዲያ አለፍኩ?» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።

የሞተሩን ውሃ አፈሰስን። ቱቦውን ከሞተሩ ጋር የያዘውን ዳዶ ናፍጣ አጠጥተን እስከ ከሰዓት ተውነው። ከዚያ በቁልፍ ትንሽ መፍታት፣ ትንሽ መልሶ ማጥበቅ፣ ደግሞ መፍታት። እኔ ብሆን በአንድ ጉልበት እፈታው ነበር፤ ሞተሩ ግን አብሮ ይፈታ ነበር። ቀጥሎ ከመለኪያው ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ዳዶዎች አወለቅን፤ ዙሪያውን የያዘውን ቀለም በቢላ ፋቅን፤ መካኒኩ ከኋላ በእንጨት ቆርቆር ሲያደርገው መለኪያው ብቅ አለ። ቱቦው ግን መንገድ ላይ እምቢ አለ። እጄን አስገብቼ ዳሰስኩ።

ያ የከባድ መኪና ክላክስ ትዝ ይልሻል? ሦስት መንደር ይሰማል ብዬ የፎከርኩበት፣ ማንንም ሳላማክር በገዛ እጄ የገጠምኩት? የእሱ ብሎን ነው ቱቦውን እንደ ወረቀት የጨፈለቀው። መካኒኩም በጣቱ ነካ አደረገው።

«ክላክሱን መቼ ነበር የገጠምኩት?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«ሞተሩ ከመፍላቱ በፊት ባለው ሳምንት።»

ሞተሩ በአንቺ እጅ የፈላ ዕለት «ጠቋሚዋ መሀል ላይ ነበረች አባዬ፣ ዓይኔን አልነቀልኩም» ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን በማኅበሩ ስብሰባ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ «ልጄ መሪ ስትይዝ እንቅልፏ ይመጣል» አልኩ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ጣፈጠኝና ደገምኩት። ስምሽን ከሹፌሮች ዝርዝር የሰረዙት በዚያው ቀን ነው።

እሑድ ዕለት ስብሰባ ነበር። መለኪያውን ከነቱቦው ይዤ ሄድኩና ተነሥቼ አሳየኋቸው። ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር፣ ያውም ጥሩ ቀልድ፤ ተውኩት። «ልጄ በደንብ አይታለች። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁባትም እኔ ነኝ» አልኩ። የሳቀ የለም። ሊቀመንበሩ «ዝርዝሩን ለማስተካከል በጽሑፍ ያስፈልገናል» አለ። እዚያው አራት መስመር ጻፍኩለት። ከጸሐፊው እጅ ጽሑፍ የእኔ ይሻላል ተብሏል፤ ያሉት እነሱ ናቸው፣ እኔ የለሁበትም። ስምሽ ትናንት ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ።

አዲሱ መለኪያ ተገጥሟል፤ ጠቋሚዋ ከፍ ዝቅ ትላለች። እርሻ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እኔ አልነዳም፣ ጉልበቴን ያመኛል። እናትሽ «የትኛውን?» ስትለኝ መጀመሪያ ቀኙን አልኩ፣ ማታ ላይ ግራውን። ነይ ብዬ አላዝሽም፤ የያዝሽው ሥራ ሥራ ነው። ብቻ ሊቀመንበሩ ሌላ ሹፌር ልላክ ወይ ቢለኝ፣ «መልሷ ይምጣ» ብዬዋለሁ። ልትቆጪኝም ከሆነ ሳትቆጥቢ ጻፊው።

የረገጥሽው ይደላደልልሽ። የያዝሽው ይሥመርልሽ። በሰው ፊት ዝቅ ያደረገሽ ሰው፣ በሰው ፊት ከፍ ሲያደርግሽ ለማየት ያብቃሽ።

አባትሽ