የአባባ ዋቅጅራ ጎረቤት

ውድ አባባ፣

መርዶውን አስቀድሜ ልንገርዎ። ከሁለቱ ጊኒ ፒጎችዎ ግራጫዋ፣ ዳለቻ፣ ባለፈው ወር ሞተች። አልታመመችም፣ አልተሰቃየችም፤ አርጅታ ነበርና ድርቆሿ ላይ እንደተኛች ቀረች። እርስዎ ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ እስከ ዛሬ አንድ ቃል ጽፌልዎ አላውቅም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው አይጸለይም። ደብዳቤ ይጻፍ አይጻፍ ግን ማንም ነግሮኝ ስለማያውቅ እጽፍልዎታለሁ።

ደግሞ ዛሬ ልጅዎ ይስሐቅ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ መልሱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ጥያቄውን በኋላ አመጣዋለሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩን ከሥሩ ላንሳው፤ ያኔ ልነግርዎ ሲገባኝ በዝምታ ያለፍኩት ብዙ ነው።

ባለቤትዎን ቀብረው ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ጋ የመጡት በፈረንጆቹ 2009 መኸር ላይ ነበር። ልጅዎ ቀን የሕንፃ ጥገና ይሠራል፣ ማታ ሊሞ ይነዳል። እኔ ሆቴል የከሰዓት ሺፍት ነበርኩ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ቤት የምንቀረው እርስዎና እኔ ብቻ ነን፤ አማትና ምራት፣ ገና በደንብ ያልተዋወቅን። ዕድሜዎን በአውራ ጎዳና ቀያሽነት ከድንኳን ድንኳን ሲዞሩ የኖሩ ሰው፣ ስድስተኛ ፎቅ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ፓርኪንግ ያያሉ። ያ በረዶ መኪናውን ሁሉ የቀበረ ጊዜ ደግሞ የሚታይ ፓርኪንግም ጠፋ።

«የምስራች፣ እዚህ ሕንፃ ላይ ጎረቤት የሚባል ነገር የለም እንዴ?» አሉኝ።

«አለ አባባ፤ ግን አይተዋወቅም።»

ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው እንስሳ እንግዛ» አሉ።

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እርስዎ ግን ይስሐቅን የሕንፃው አከራዮች ጋ፣ ሊዚንግ ኦፊስ፣ ኮል አስደረጉት። ውሻና ድመት አይፈቀድም፣ ኬጅ ውስጥ የሚኖር ትንሽ እንስሳ ግን ይቻላል ተባልን።

ዊተን ያለው የእንስሳት ሱቅ የሄድንበት ቀን ዓይኔ ላይ አለ። ፀጉሯን ሐምራዊ የተቀባች ሻጭ አስከትለን ከኬጅ ወደ ኬጅ እንዞራለን። መልኩን አይጠይቁ፣ ምን እንደሚበላ አይጠይቁ፤ እኔን አስተርጓሚ አድርገው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይኼ ስንት ዓመት ይኖራል?»

በቀቀኑ አርባም ሃምሳም አለች። ራስዎን ነቀነቁ። ጥንቸሉ አስር። ከጥንቸል የሚያንሰው፣ ጭራ የሌለው ጊኒ ፒግ ከአምስት እስከ ሰባት። ሃምስተር የሚሏቸው ትንንሽ አይጥ መሳዮች ጋ ስንደርስ ልጅቷ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ሁሉ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እነዚህ እንኳ ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ትንሽ አለፍ ቢሉ ነው» አለች።

«ይኼ ነው» አሉ።

ደግ ልጅ ነበረች፤ በደንብ አስመረጠችን። ዓይኑ የሚያበራ፣ አፍንጫው የማይዝረከረክ፣ ከኋላው ንጹሕ የሆነ፤ ሲቀሰቅሱት ጣት የሚያሸት እንጂ የማይናከስ። አንድ ብቻ ውሰዱ፣ ሁለት በአንድ ኬጅ ካደረጋችኋቸው ይገዳደላሉ አለችን። ቡናማውን፣ አንድ ጆሮው ትንሽ የተቀደደውን መረጡ።

መኪና ውስጥ ካርቶኑን ጭንዎ ላይ በሁለት እጅ ይዘው ተቀመጡ። «ምነው አባባ፣ ቶሎ የሚሞተውን መረጡ?» አልኩዎት።

«ሰማንያ ልደፍን ነው ልጄ። ከእኔ ኋላ ቀርቶ የሚፈልገኝ ነገር አልፈልግም። እኔ ልሸኘው እንጂ እሱ እኔን አይሸኘኝ።»

እኔ ደግሞ የሚሞት ነገር ጭራሽ ቤቴ ባይገባ ነበር የምመርጠው። አልነገርኩዎትም።

ስሙን ጎረቤት አሉት። ጠዋት ገና ከክፍልዎ ሲወጡ፣ «ጎረቤት ገብቶ ተኛ?» ይሉኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ መንኮራኩሩን ሲያሽከረክር አድሮ ሊነጋ ሲል ነው የሚተኛው። መንኮራኩሩ ሲጮህ በምግብ ዘይት አለሰለሱለት። ቀለም የሌለበት ወረቀት ቀደው ቀደው ጉዝጓዝ ያበጁለታል። ውሃ ውስጥ አታጥቡት ስለተባለ በጎድጓዳ ሳህን አሸዋ አድርገው ሲንከባለልበት ቁጭ ብለው ያያሉ። የሱፍ ፍሬ እንዳያወፍረው እየቆጠቡ ይሰጡታል፣ ከዚያ ደግሞ እኔ ዞር ስል ይጨምሩለታል። አይቼዎት ነበር።

የጸሎት ቡድኑ እኛ ቤት የመጣ ቀን ትዝ ይልዎታል? ጎረቤት በዚያች ውስጧን በምታሳይ የፕላስቲክ ኳሱ ውስጥ ሆኖ ከኮሪደሩ እየተንከባለለ መጥቶ ወይዘሮ አሰለፈች እግር ሥር ቆመ። እትዬ አሰለፈች በዚያ ሰውነታቸው ሶፋው ላይ እንዴት እንደወጡ ጌታ ይወቅ።

«አይጥ! አይጥ! በኢየሱስ ስም!»

«አይጥ አይደለም እኮ» አሉ እርስዎ ረጋ ብለው። «የአይጥ ዘመድ ነው።»

«ዘመዱስ ቢሆን!»

ሰው ከሄደ በኋላ ይስሐቅ ፊቱ ጠቁሮ፣ «አባዬ፣ በዚህ ዓይነት ሰው እንዴት ቤታችን እንጥራ?» አለ። እርስዎም፣ «ይስሐቅ፣ እኔ ከመጣሁ ሰው መቼ ጠራህ?» አሉት። ልጅዎ ጃኬቱን አነሳ። ሥራ ሄደ። እሱ ሁልጊዜ ሥራ ይሄዳል።

የሐሞት ጠጠርዎን ሊያስወጡ ሆስፒታል የተኙ ጊዜ ጎረቤት በእኔ እጅ ወደቀ። እስከዚያ ድረስ አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም፤ «እፈራለሁ» ነበር የምልዎት። ፍርሃት አልነበረም፣ አባባ። ትንሽ፣ ሙቅ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር መያዝ ነበር ያቃተኝ። ያን ቀን ምግቡን ልሰጠው ኬጁን ከፍቼ፣ ከእርስዎ እንዳየሁት መዳፌን ዘረጋሁና አንድ የሱፍ ፍሬ አስቀመጥኩበት። መጣ። አሸተተኝ። ከዚያ በአራት እግሩ ወጣብኝና ፍሬዋን ጉንጩ ውስጥ ሸጉጦ እዚያው መዳፌ ላይ ቁጭ አለ። ልቡ ጣቴ ላይ ይመታል፤ ፈጣን፣ ስስ። ሆስፒታል ስክሪኑ ላይ እንዲያሳዩኝ ሁለት ጊዜ ጠብቄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ያላየሁት ያንን ነበር። ኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱም አልወረደም።

ከሆስፒታል ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት ኬጁን ነው። «ይዘሽዋል» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ስትቀርቢ ይወጣል። ድሮ ይደበቅ ነበር።» ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

ጎረቤት ልክ ሱቅ ውስጥ እንደተባለው ኖረ፤ ሁለት ዓመት አለፍ ብሎ በ2012 ጸደይ አንድ ጠዋት ጎጆው ውስጥ ተጠቅልሎ ቀረ። እርስዎ አስበውበት የመረጡት ነገር ስለሆነ አይከብድዎትም ብዬ ነበር። ምሳ አልበሉም። ራት አልበሉም። በማግስቱ በር ሳንኳኳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘሁዎት። «ስሌቱ ልክ ነበር» አሉኝ፤ «እኔ ነኝ ልክ ያልነበርኩት። ለሚስቴ ቀብር ላይ ያላለቀስኩትን ነው ለዚህ የማለቅሰው።»

የት እንቅበረው? አፓርትመንት ግቢ የለውም። ለእትዬ አሰለፈች ደወልኩ፤ ሪቨርዴል ፓርክ ቤት ከነጓሮው አላቸው። «አምጡት፤ ከአትክልቴ ራቅ አድርጋችሁ» አሉ። በረንዳው ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመው አዩን። ስንጨርስ ወርደው እርስዎን ትከሻዎን ነክተው፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት ጋሽ ዋቅጅራ» አሉ። ከልባቸው ነበር።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው የነገርኩዎት። «አባባ፣ እኔም ሁለት ሸኝቻለሁ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት። ሳይወለዱ።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

መሪውን ይዤ ዞር ብዬ አየሁዎት። «ይስሐቅ ነገረዎት?»

«ይስሐቅ ምን ይነግረኛል። ስመጣ የሰጣችሁኝ ክፍል አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ቢጫ። ለሕፃን ካልሆነ ለሽማግሌ ክፍል ቢጫ የሚቀባ ማን ነው?» ከዚያ መንገዱን እያዩ፣ «እዚያ ክፍል ስጸልይ ከአንቺ ነው የምጀምረው። የምስራች አልልም፤ እናታቸው ነው የምለው» አሉ።

ጥግ ይዤ መኪናውን አቆምኩ። እናት ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም፤ ከዚያም በፊት፣ ከዚያም በኋላ። እጅዎን ጀርባዬ ላይ አድርገው እስኪወጣልኝ ድረስ ጠበቁኝ።

ከወራት በኋላ ሌላ ሃምስተር እንግዛ ስልዎት እምቢ አሉ። ሎረል የሚኖር በፈቃዱ የሚባል የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ወደ ቴክሳስ ሲዛወር የልጆቹን ሁለት ጊኒ ፒጎች የሚወስድለት ሰው ይፈልግ ነበር፤ እነሱ ይሻሉኛል አሉ። እነዚያ ዕድሜያቸው ረጅም ነው እኮ አልኩዎት።

«ያኔ የሚረከበኝ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር። ትረከቢኛለሽ?»

«እረከባለሁ።»

«ሁለቱንም? ለየብቻቸው አይሆንላቸውም አሉ።»

«ሁለቱንም አባባ።»

እንደ ከብት በመልካቸው ዳማና ዳለቻ አሏቸው። ሰውነታቸው እንደ እኛው ቫይታሚን ሲ መሥራት አይችልም ስለተባሉ በየቀኑ ጣፋጩን ቀይ ቃሪያ ይቆርጡላቸዋል። ድርቆሽ ካልጎደለ ጥርሳቸው ልኩን ይዞ ይኖራል ብለው ድርቆሹን ሲያዩ ይውላሉ። ፍሪጁ በተከፈተ ቁጥር ሁለቱ ሲያፏጩ፣ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያሉ ይነሳሉ። ከእነሱ ጋር የሚያወሩት በኦሮምኛ ነበር። ምን እንደሚሏቸው ስጠይቅዎት፣ «ልጅነቴን እየነገርኳቸው ነው» አሉኝ። እነዚያ ሁለት ዓመታት፣ አባባ፣ ሳቅ የነበረበት ቤት ነበረን።

ከዚያ በኅዳር ልብዎ ደከመ። ይስሐቅ ቀብሩን ሁሉ በሥርዓቱ አስፈጸመ፣ እንግዳውን ሁሉ አስተናገደ፣ በሳምንቱ ሥራ ገባ። ክፍልዎን ዘጋው። እኔ ኬጁን ወደ ሳሎን አወጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ያልፋል፤ አንድ ቀን ቆሞ አላየውም። አልተቆጣሁትም። አይጦቹን ሳይሆን እርስዎን ነበር የሚሸሸው።

አሁን ዳለቻ ከሞተች ወዲህ ዳማ መብላት ተወች። ፍሪጅ ስከፍት አታፏጭም። የእንስሳት ሐኪሟ ጥርሷንም ሆዷንም አይታ ደህና ናት አለች፤ ብቸኝነት ነው፣ ጓደኛ ፈልጉላት አለች። እስኪገኝ ድረስ የተፈጨ ድርቆሽ በውሃ በጥብጬ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ አፏ ዳር ጠብ ጠብ አደርግላት ነበር። ይስሐቅ ከሥራ ሲገባ አንድ ሁለት ቀን ቆሞ አየኝ። ሐሙስ ዕለት ስልኩን ይዞ መጣና፣ «አሌክሳንድሪያ የእንስሳት መጠለያ ውስጥ አንዲት አለች፤ ጓደኛዋ ሞታባት» አለኝ። ራሱ ፈልጎ ነው ያገኛት። ሳልጠይቀው።

ዛሬ ከአምልኮ በቀጥታ ሄድን። ጥቁርና ነጭ ናት፤ ወጣት፣ ዓይኗ ንጹሕ፣ ጥፍሯ ግን አድጎ ታጥፏል። ቤት ስንደርስ የማንኛቸውም ግዛት ያልሆነ ቦታ ይሁን ብዬ ሳሎኑ መሃል ፎጣ አነጠፍኩ፤ ድርቆሹን ሁለት ቦታ፣ ውሃውን ሁለት ቦታ አደረግኩ። ዳማ ጀርባዋን ሰጠቻት። አዲሷ ቀስ ብላ ተጠጋች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ተጠጋች። ብዙ ቆይተው ጎን ለጎን ሆኑ። ከዚያ ዳማ አንድ ክር ድርቆሽ ስባ ማኘክ ጀመረች። እጄን አፌ ላይ ያዝኩ።

ይስሐቅ የቤተ ክርስቲያን ሱፉን እንደለበሰ ወለሉ ላይ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«አባዬ እንዴት ነበር የሚይዛት?»

አሳየሁት። ዳማን አቀፋት። ወዲያው ሸሚዙ ላይ ሸናችበት፤ ተነስቶ ይጥላታል ስል ጭራሽ ጠጋ አደረጋት። ጀርባዋን እየዳበሰ፣ «እኔ ልጅ እያለሁ አባዬ መስክ ነበር የሚውለው። የሚመጣው ተኝቼ ነው፤ የሚሄደው ሳልነቃ ነው። እኔንስ እንዲህ አቅፎኝ ያውቅ ይሆን?» አለኝ።

የማላውቀውን ልነግረው አልፈለግኩም። ግን ሎረል በፈቃዱ ቤት ዳማን ሲቀበሉ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ማንም ሳያሳይዎት አንድ እጅዎን ከደረቷ ሥር፣ አንዱን ከመቀመጫዋ ሥር አድርገው፣ ወደ አንገትዎ አስጠግተው ያዟት፤ ያለቅጥ የሚጠነቀቅ ሰው የተኛ ሕፃን ሳያነቃ እንደሚያነሳ። ይህንኑ ነገርኩት። «እጆቹ የሚያውቁት ነገር ነበር፤ ተኝተህ ነበር ብለሃል፣ አንተ በምን ታውቃለህ?» አልኩት።

ይስሐቅ ፊቱን ዳማ ጀርባ ላይ አደረገ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ቀብርዎ ላይ እንኳ ያላየሁት ነው። እጄን ጀርባው ላይ አድርጌ ጠበቅኩት።

ይህን ስጽፍ እሱ እዚያው ወለሉ ላይ ነው፤ ሁለቱንም ጭኑ ላይ አድርጎ ለአዲሷ ስም እያማረጠ ነው፣ አንዱንም አልወደደውም። የተሳሳትኩ ከሆነ፣ አባባ፣ ስንገናኝ ያርሙኛል። ልክ ከሆንኩ ግን እሱም ሲያገኝዎ ራስዎ ይንገሩት፤ ከእርስዎ አፍ ይስማው። እስከዚያው ልጅዎን እኔ በአደራ እይዘዋለሁ።

ልጅዎ፣
የምስራች
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሁድ