«መቁነጥነጥ የለም» ብለው ለጻፉልን

ሚናስዬ፣ እንዴት ነህ? እኔ ወንድምህ ገናናው ነኝ። አትቀየመኝ፣ ዛሬ የምጽፈው ለአንተ ሳይሆን ለለኩህ ሰዎች ነው።

ለክቡር የጨቅላ ሕፃናት እንቅስቃሴ መለኪያ ክፍል ኃላፊ፣

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የሴንሰሮችዎ ባትሪም እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ ፍራንክፈርት ዳር ቦናመስ ሰፈር፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ሰው ጎድሎብን አለን።

የሦስት ወር ወንድሜን በጀርባው አስተኝታችሁ፣ እጅና እግሩ ላይ አራት ሴንሰር አስራችሁ፣ ማንም ሳይነካው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ስለለካችሁ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬ ጥቂት ነው።

1. ውጤቱ የመጣው በጀርመንኛ ነው። በቤታችን የጀርመንኛ ደብዳቤ የማነበው እኔ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪው ስለሆንኩ፣ ክፍልዎ ነጻ አስተርጓሚ በማግኘቱ እንኳን ደስ አለው።

2. ወረቀቱ «ጻፐልን አልታየም» ይላል። አስተማሪዬ ይህን ቃል የሚለው ክፍል ውስጥ አርፌ ሳልቀመጥ ነው፤ ስለዚህ ለእናቴ «መቁነጥነጥ የለም» ብዬ ተረጎምኩላት። እናቴ ጨዋ ልጅ ሰጠኝ ብላ ተመስገን አለች፣ እኔን ግን እንዲህ አልነበርክም ብላ ሳቀችብኝ። ድጋሚ ምርመራ እንደሚመከርም አንብቤላት ነበር፤ ለጨዋ ልጅ ምን ምርመራ ብለን ቀረን። በዚያ ዕድሜ ያለ ሕፃን መቁነጥነጥ እንዳለበት፣ አለመቁነጥነጡ የአንጎል ሕመም ምልክት ሊሆን እንደሚችል ለመጻፍ ቦታ እንደጠበባችሁ ይገባኛል፤ የገጹን ሩብ የያዘው ዓርማችሁ ነው።

3. ከአምስት ሳምንት በኋላ ሚናስ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ይዞት ሞተ። ብናመጣው ይድን ነበር ወይ ብዬ ጠይቄያችሁ፣ «ለመናገር ያስቸግራል» የሚለውን መልስ በማግስቱ ስላደረሳችሁልኝ ፍጥነታችሁን አደንቃለሁ። ቃሉን እንዳሳሳትኩት በሞተበት ሌሊት ከሐኪሙ ተረዳሁ፤ እናቴ ግን አታውቅም። ይህን በአማርኛ የጻፍኩትን ስታነብ ታውቃለች።

4. መንትያ እህቱ አርሴማ በልኬቱ ቀን እንቅልፍ ወስዷት ሳትለካ ቀርታ ነበር። ቴርሚኗ፣ ቀጠሮዋ ማለቴ ነው፣ የፊታችን ሐሙስ ነው። ደብዳቤያችሁ ጀርመንኛ የሚችል ሰው ይዛችሁ ኑ ይላል። ያ ሰው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ፈርቻለሁ። እባክዎ አማርኛ የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ያቁሙልን።

ከሚሊሜትር ያነሰች እንቅስቃሴ እንኳ የማታመልጠው ክፍልዎ፣ ከፊቱ የቆመ ሰው እንዳያመልጠው እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ገናናው ኃይለ መስቀል፣ ፍራንክፈርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የላካችሁልን የእርካታ መጠይቅ ከልኬቱ በኋላ ልጃችንን በተለየ ዓይን እናይ እንደሆነ ይጠይቃል። አዎን። ሚናስ በሞተ ማግስት ወላጆቼ ለቀብሩ ጉዳይ ወጡ፤ ያን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከአርሴማ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ካልሲዎቿን አውልቄ ፊቷ ተንበረከክሁ። አንድ እግሯን አነሳች። በቂ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። እናቴ በሩን እስክትከፍት ድረስ ከዚያ አልተነሳሁም።