የእማ ደረቅ ሳል

ጥቅምት 6
አምሳ ሁለት የፈተና ወረቀት አርሜ ዐይኔ ፈዝዟል። ከዚያ እማን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት… ግፊቷ 180 በ100። ኢናላፕሪል ታዘዘላት፣ በቀን አንዲት ፍሬ። ማታ አስረዳኋት። ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተው፣ ደም ሥር የሚያጠብብ ሆርሞን አለ። ኪኒኑ እንዳይመረት ያግደዋል፤ ደም ሥር ይላላል፣ ግፊት ይወርዳል።
«ይሁና ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አንተ ተምረሃል» አለች። ደስ አለኝ።

ጥቅምት 22
130 በ80። አልሐምዱሊላህ። ለባለቤቴ ለመሊካም ስለ ሆርሞኑ ደግሜ አስረዳኋት። ወሯ ገብቷል፣ ድካም ላይ ናት… እያዛጋች ሰማችኝ።

ኅዳር 2
እማ ትስላለች። ደረቅ ሳል ነው፣ ቀንም ሌሊትም።
«ይቺን ኪኒን ከጀመርኩ ወዲህ ነው» አለች።
ሳቅኩ። «እማ፣ የባዮሎጂ አስተማሪው እኔ ነኝ። የግፊት ኪኒንና ሳል ምን አገናኛቸው?»
ኪኒኗን በውሃ ዋጠች።

ኅዳር 9
ወንድ ልጅ! መሊካም ደኅና ናት።

ኅዳር 15
ሰባተኛ ቀኑ። ሙስዐብ አልነው።
እማ ዱበርቲ ናት፣ ለሰው ዱአ የምታደርግ መራቂ፤ በሰፈራችን እሷ ያልመረቀችው ልጅ የለም። የራሷን የልጅ ልጅ ታቅፋ መረቀችው፣ ረጅም ዱአ አደረገችለት። መጨረሻ ላይ እንትፍ ልትልበት ስትል… ከእጇ ነጠቅኩት። ሰው ሁሉ እያየ። «የሳምባ ነቀርሳ ቢሆንስ?» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።
እጇን እንደዘረጋች ቀረች።
ለልጁ ብዬ ነው። ሌላ ምን ላድርግ?

ኅዳር 19
ለዱአ የሚጠራት ጠፋ። ጎረቤታችን ሳቢራ ጨቅላ የልጅ ልጇን እማ ጋ ልታመጣ ነበር፤ ቀረች።

ኅዳር 23
የእማን ደረት ራጅ አስነሳሁ፤ ንጹሕ ነው። ሐኪሟ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ልጅ ናት።
«ኢናላፕሪል ነው የሚወስዱት? አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ አላነበባችሁም?»
አላነበብኩም። ጨምድጄ የጣልኩት እኔ ነኝ። እማ አጠገቤ ተቀምጣለች። «ነግሬው ነበር» ማለት ትችል ነበር… አላለችም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።
በሎዛርታን ተቀየረላት። እሱ ሆርሞኑን ከመመረት አያግደውም፤ ደም ሥሩን እንዳያጠብብ ይከለክለዋል እንጂ። ይህን ለእማ አላስረዳኋትም። በምን አፌ?

ኅዳር 24
ጉልበቷን ስሜ «አፉ በይኝ» አልኳት።
«አፉ ብያለሁ ኢልመ ኮ። አላህም አፉ ይበልህ።»
ወዲያው ነው ያለችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሳቢራ ቤትም ሄድኩ፣ ተሳስቼ ነው አልኩ።
«እኛማ የተማረ ነው ብለን አንተን አምነን ነው» አለችኝ።

ታኅሣሥ 20
ሳሉ ጠፋ። ግፊቷ 128 በ80።
ሙስዐብን አምጥቼ አስታቀፍኳት። «መርቂው እማ።» መረቀችው፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። እንደ ጥንቱ አሳምራ። እንትፍ የምትልበት ላይ ስትደርስ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንትፍ አለች።
«ድነሻል እኮ፣ እማ።»
«አውቃለሁ» አለች። ፊቷን ግን ወደ ልጁ አልመለሰችም።