ለቅሶ መስሎን የፈረምንበት ጉድጓድ

ለክቡር የከርሰ ምድር ሙቀት ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ሰላም፣ የቢሮዎንም ግድግዳ ጽናት የእስራኤል አምላክ ይጠብቅልዎ ዘንድ እለምናለሁ። እኔ በአሽቀሎን፣ በሚግዳል ሠፈር፣ ማማድ የምንለው የመጠለያ ክፍል በሌለው አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምኖር፣ ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት የሆነኝ ጓንጉል ዋሴ ነኝ። ትምህርቴ ከማታ የዕብራይስጥ ክፍል አያልፍም፤ ስለዚህ በድፍረት የጻፍኩት ቢመስልዎ ከፍርሃት የመጣ ነውና ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዬን በግልጽ ያደረግኩት ለብቻዎ የላክኋቸው አራቱ መንገድ ላይ ስለ ጠፉ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ድንኳኑ አመሰግናለሁ። ከፋሲካ በኋላ መሥሪያ ቤትዎ ከሕንፃችን ጀርባ ባለው የሕዝብ መሬት ላይ ነጭ ድንኳን ተከለ፤ ወንበር ደረደረ፤ ውሃ አቀረበ። እኛ ዘንድ ድንኳን ከታየ የሞተ ሰው አለ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ድንኳኗን የሞሉልኝን ሰዎች እያሰብኩ፣ ድንኳን አይቼ ማለፍ አልችልም። ጎረቤቶቼን በር በር እያንኳኳሁ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በየጸሎቴም እናዘዘዋለሁ።

ገብተን አንገታችንን ደፍተን ተቀመጥን። ኤራን የሚባለው መሐንዲስዎ በዝግታ ይናገር ነበር፤ ከኋላው ጥልቅ ጉድጓድ የተሳለበት ሥዕል ቆሟል። ዕብራይስጡ ከበደን፤ ጉድጓዱ ግን ገባን። የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ገበያነሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አንተ ጓንጉል፣ ሟቹ የማን ዘር ነው?» አሉኝ፤ «እኔስ ምን አውቄ፣ እትዬ፤ ብቻ ያልቅሱ» አልኳቸው። እሳቸው ሙሾ አወረዱ፤ የቀረነው ተቀበልናቸው። መሐንዲስዎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ስንወጣ «እግዜር ያጥናህ» እያልን ጨበጥነው፤ ሐዘንተኛው ማን እንደ ደረሰለት እንዲያውቅ በራፍ ላይ በነበረው መዝገብም አርባ ሦስታችን አንድ ሳንቀር ፈረምን። ልጄ ሊአት ከሥራ ስትመለስ ከድንኳኑ የታደለኝን ወረቀት አንብባ «አባ፣ ዜ ሎ ሺቭዓ፣ ዜ ኪዱአኽ!» ብላ ጮኸች፤ ለቅሶ አይደለም፣ ቁፋሮ ነው ማለቷ ነበር። የልጅ ልጄ ታሊያ እስከ ዛሬ «ሳባ፣ አያቴ፣ ዛሬስ ማንን ቀበርክ?» እያለች ትስቅብኛለች።

መሥሪያ ቤትዎ ግን አልሳቀብንም። «ነዋሪዎች በብዛት ተገኝተው በጥልቅ ስሜት አዳምጠዋል፤ ተቃውሞ አልቀረበም» ብሎ ፈቃዱን ሰጠ። እንባችንን እንዲህ አሳምሮ የጻፈልን መሥሪያ ቤት ከዚህ በፊት ገጥሞን አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ አጥሩ አመሰግናለሁ። ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ወድቆ እንዳይጎዳ አስበው በሽቦ አጠሩልን። የሠፈሩ ሚክላት፣ ማለት ሮኬት ሲመጣ የምንገባበት መጠለያ፣ ከአጥሩ ውስጥ ቀረ። ቀድሞ ከደጃችን አርባ እርምጃ ነበር፤ አሁን በጠባቂው በር ተዙሮ ሁለት መቶ አሥር ሆኗል። አዝአካው፣ ማስጠንቀቂያው፣ ከጮኸ ያለን ሠላሳ ሰከንድ ነው። በደህና ቀን እትዬ ገበያነሽን ደግፌ ሞከርኩት፤ ሁለት ደቂቃ ከሩብ ፈጀብን፤ ያውም በሩ ክፍት ሆኖ። ትርፉን አንድ ደቂቃ ከአርባ አምስት ሰከንድ ሜዳ ላይ ምን እየሠራን እንድናሳልፈው እንዳሰቡልን ቢገልጹልን ውለታዎ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እፈራለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ በሱዳን በረሃ ስንጓዝ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም፤ ያኔ እግር ነበረኝ። የቁፋሮ ማሽንዎ ሲነሣ ድምፁ ልክ እንደ አዝአካው ከታች ወደ ላይ እያደገ ነው የሚወጣው፤ በቀን አምስቴ ልቤ ከቦታው ይለቃል። ሲሠራ እውነተኛው ቢጮህ አንሰማም ብዬ እሰጋለሁ፤ ሲያቆም ምን ሰምተው አቆሙ ብዬ እሰጋለሁ። ፊቴን ስታጠብ አንድ ዓይኔን ገልጬ ነው፤ ሳሙናው ያቃጥለኛል። አባቶቻችን ለጸሎት ጫማ ያወልቁ ነበር፤ እኔ አሁን ከነጫማዬ እቆማለሁ። ፈጣሪዬን ነው የምፈራው ወይስ ሮኬቱን ብዬ ራሴን ጠየቅኩት፤ መልሱን ለመጻፍ አፍራለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሕጉ ማብራሪያ አመሰግናለሁ። አጥሩ ሃያ እርምጃ ብቻ ይሸሽልን ብዬ ስለምን፣ ኢንባር የምትባለው ጸሐፊዎ በስልክ በትዕግሥት አስተማረችኝ። ሙቀቱ ከውሃ ጋር ከወጣ በውሃ ሕግ ይዳኛል፤ ከደረቅ ዐለት ከወጣ በማዕድን ሕግ፤ ከሁለቱም ካልሆነ ሕጉ ገና ረቂቅ ነው። አጥሩ የሙቀቱ ፈቃድ አካል ስለሆነ፣ ሙቀቱ ተገኝቶ ዓይነቱ እስኪታወቅ ድረስ አንሡት ብሎ የሚያዝ የለም። ያልተማርኩ ሰው ነኝና ይህ ጥበብ ከአቅሜ በላይ ነው፤ ሲተከል ማንንም ያልጠየቀ አጥር ሲነሣ ሦስት ሕግ ይፈልጋል። ሮኬቱም ረቂቁ እስኪጸድቅ ይታገሠን ዘንድ ለሚመለከተው ይጻፉልን።

አራተኛ የለኝም። ሙቀቱን አልጠላሁትም፤ ፈጣሪ ከምድር ሥር ያስቀመጠው እሳት ያለ ጭስ መብራት ከሆነ ደስታዬ ነው። የምለምነው የሚክላቱን በር ብቻ ነው። አርባ ሦስቱን ፊርማዎችም ይመልሱልን፤ ለሞተ ሰው የፈረምናቸው ናቸው።

ጊዜዎን ስለ ሻማሁ በትሕትና ዝቅ ብዬ፣ ጫማዬን ግን ሳላወልቅ፣ እጅ እነሣለሁ።
አክባሪዎ፣ ጓንጉል ዋሴ፣ ሚግዳል፣ አሽቀሎን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ዛሬ ቀትር ላይ፣ በሚክላቱ ፊት ያለውን ሽቦ በፒንሳ ቆርጬዋለሁ። በዚህ አገር ስኖር ሕግ ስጥስ የመጀመሪያዬ ነው፤ ልምድ ስለሌለኝ አቆራረጡ አላማረም። ጠባቂው ሞርዴካይ ምሳውን ይበላ ነበርና በእኔ ጥፋት አይጠየቅ። ፖሊስ የሚልኩብኝ ከሆነ ግን እባክዎ ቀጠን ያለውን ይምረጡልኝ፤ ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ አዝአካው ከጮኸም አብረን ነው የምንሾልከው።