የታጠበ ብቻ ይግባ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም ያው ነው። ልጄ ሚጢጢ የሩዟን ግማሽ በላች፤ ግማሹን አልጋው ላይ በተነችው። ሐኪሙ ደግሞ እንደገና አስረዳኝ። የአባቷን መቅኒ እስኪሰጧት የራሷን በመድኃኒት እያጠፉት ነው። አሁን ጉንፋን ቢይዛት የሚመክትላት ነገር የለም። "ትንሿ ጉንፋን" አለኝ፣ ጣቱን ቀስሮ። እኔ የማላውቅ ይመስል!

ልጄን ዘበኛ አድርጌያታለሁ። የገባውን ሁሉ፣ ሐኪሙንም ሳይቀር፣ "ታጥበሃል?" ትላለች። እሰይ የኔ ልጅ!

የፅዳቷ ሴትዮ በረኪናውን አብዝታው ጉሮሮዬን ቆረቆረኝ። ምን ልትደብቅ ነው? ጨርቁን ሌላ ክፍል ወልውላበት ይሆን? ሰው ማመን ቀብሮ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የባሌ እህት የሚጢጢን ልብስ አምጥታ በር ላይ አቀበለችኝ። በልቤ "ሽቶ" ነው የምላት፤ ከእሷ በፊት ሽታዋ ነው የሚደርሰው። ዛሬ ምንም የለም።

"ምነው፣ ሽቶሽስ?"

"ተውኩት ባክሽ።"

ዕድሜዋን ሙሉ የተነከረችበትን? ከዚያ ኮሪደር ላይ ከሲስተሯ ጋር ሹክሹክ... በመስታወቱ ስመለከታቸው ጸጥ። ነገር ሸተተኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ያ የሽቶ ረጅም ቀይ ጥፍር የለም! ከስሩ ተቆርጧል። ምን ነክቷት ነው?

ባሌ ጋ ደወልኩ። መቅኒ ሰጪ ስለሆነ እሱም ሰው እንዳይነካ ቤት ተዘግቶበታል።

"እህትህ ምን እየሠራች ነው?"

"እ... ምንም።"

ያ "እ"! ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ ያቺን "እ" የማላውቃት መሰለው?

የፅዳቷን ሴትዮ ስለ በረኪናው ተቆጣኋት። "ኧረ እናት፣ ከትናንት ጀምሮ በሳሙና ብቻ ነው" አለችኝ። ውሸቷን ነው። ጉሮሮዬ ይመሰክራል።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ዓይኔ አየ። ሽቶ መታጠቢያው ጋ ጋዋን ለብሳ እጇን እስከ ክርኗ ትፈትጋለች፤ ሲስተሯ ቆማ "አሁንም ድገሚው" ትላታለች።

ገባኝ። "እናትየዋ ነገረኛ ናት፣ ትውጣልን" ተባብለዋል። ልጄን ሊነጥቁኝ ነው። እኔ አምጬ ወልጄ፣ እኔ ስንት ሌሊት ቁጭ ብዬ... እሷ ሽቶዋን ትታ ልትገባ?

ሚጢጢን ጠየቅኳት። "አክስትሽ ብትመጣ ታስገቢያታለሽ?"

"ከታጠበች።"

ከሃዲ።

እሁድ፣ የካቲት 9

አነጠስኩ። ጭንብሌ ውስጥ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ። ሚጢጢ ተኝታለች፤ ማንም አላየም።

በረኪና ነው... በረኪና ነው? የፅዳቷ ሴትዮ ዛሬ ገና አልመጣችም።

ብናገር ያስወጡኛል። ዝም ብልስ? ወይኔ ልጄ!

የሲስተሯን መጥሪያ ደወል ተጫንኩት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ኮሪደር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ጉንፋን ነው። የኔ። ስንቱን ስጠረጥር ከርሜ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። የፅዳቷን ሴትዮ ይቅርታ ስጠይቃት "ተይው እናት፣ የስንቱን ቁጣ ችያለሁ" ብላ ሳቀች።

የሚጢጢ ምርመራ ንጹህ ነው። ተመስገን፣ ተመስገን! ሁለቴ አዩት። ነገ የአባቷን መቅኒ ይሰጧታል።

ሽቶ እሁድ ዕለት፣ እኔ እንደወጣሁ ወዲያው ነበር የገባችው። ሲስተሯ እኔ ብታመም እንድትተካኝ ስታሠለጥናት ነበር ለካ።

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ብንነግርሽ እዚያው ትጨርሺን ነበር" አለች ሲስተሯ። እውነቷን ነው።

ዛሬ ሽቶ ስልኩን ሚጢጢ ጆሮ ላይ አድርጋ ወደ መስታወቱ አቅፋ አመጣችልኝ። ጥፍር የሌለው እጇ ልጄን ጥብቅ አድርጎ ይዟታል። አለቀስኩ። መዳፌን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት።

"ሚጢጢዬ፣ እኔ ነኝ።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። እጄን አየችው።

"ታጥበሻል?"

ሄጄ ታጥቤ ተመለስኩ።